ከጀርባ ያለች ጓዳ

ሰዓቱ እኩለ ሌሊት ነው፣ ፀሐይ ግን አልሄደች፤
ሰኔ ሲሆን እዚህ፣ መግቢያ እንደጠፋው ሰው ደጅ ደጁን ትላለች።
የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በፎጣ ሸፈንኩና
ያምናውን ከረጢት ዘረገፍኩት፣ እና—

ዝገት።

ጨውስ ለራሱ ሲል በጣፈጠ ነበር፤
የትሬና ጨው ግን ብረት ይበላል፣ እንኳን የሰው ከንፈር።
መቀሴ አፉን ገጥሞ እንቢ አለኝ።
ፕላስተሮቹም ቁስል ሊይዙ ወጥተው
እርስ በርስ ተያይዘው፣
እንደ ሰርግ ማግስት ሰካራም ተደጋግፈው
ከታች ተኝተዋል።

አይለርት ከመስኮቱ ሥር ሆኖ ያየኛል፤
ሰባ አንድ ዓመቱ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽር ይፈልጋል።
አንዱን የክኒን ብልቃጥ አነሳ።
«ቀኑ አልፎበታል» አልኩት።
«የእኔስ መቼ ቀረው? አትጣይው፣ ቱርጉን።»
ጣልኩት።

እንግዲህ እንደገና።
መጀመሪያ ያ ሰፊው ጥቅል ፕላስተር፣
እርጥብ ቆዳ ላይ የሚይዘው፣ ዋጋው የሚያስምለው።
አዲስ ሰው ሲመጣ ስለ ማዕበል ይጠይቀኛል፣
ስለ ዓሣ ነባሪ።
እኔ አውራ ጣቱን አያለሁ።
ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ ውለን
ማታ እጃችን ውሃ ቋጥሮ ይመለሳል፤
ከባሕሩ ሰርቀን በመዳፋችን
ደብቀን የገባን ይመስል።

ቀጥሎ ፒንሳ፣ የመንጠቆን ጢም ለመቁረጥ፤
ሱኒቫ አምና ዓሣ ላጥምድ ብላ
ያጠመደችው የገዛ ጆሮዋን ነበር።
(ስንስቅ ተቆጣች። ቆይታ እሷም ሳቀች።)
የማቅለሽለሽ ክኒን። ጓንት። አዮዲን።
እንደ ብር የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ
የብርድ መጠቅለያ።
ከረሜላ፤ ጥርሱ ለሚንገጫገጭ።
እርሳስ፤ እስክሪብቶ በብርድ ይደነዝዛል፣
የልብ ምት ተቆጥሮ ሰዓቱ መጻፍ አለበት፣
ፍርሃት ሰዓት አያውቅምና።

ሦስት ማዕዘኑን ጨርቅ ግን
ሳጣጥፈው ሳጣጥፈው እጄ ቆመ።

ሁለት ዓመት ሆነው። ከብራትሆልመን ጥግ
ማዕበሉ በጎን መጥቶ መቅዘፊያዬን ያዘ፣
እኔም አልለቅም አልኩ፣
ትከሻዬ ከቤቱ ወጣ።
ትከሻም ቤት አለው፤ ሲወጣ ነው የሚታወቅ።
ከረጢቱ ነበረ። ሙሉ ነበረ።
በሥርዓት ታጥፎ፣ በስም ተለይቶ፣
ከወገቤ ጀርባ፣ ከክዳኑ ሥር፣
በግማሽ ክንድ ርቀት—
ክንድ ግን አልነበረኝም።

አይለርት ካያኩን ከካያኬ አጋጠመ፣
በደረቱ ተደፋበት፣
ምንም አላለም።
አንድ እጁ እኔን፣ አንድ እጁ ክዳኑን።
ጎማው ሲላቀቅ «ጧ» ያለው ድምፅ
ዛሬም ይሰማኛል።
የጨርቁን መጠቅለያ በጥርሱ ቀደደ፣
ክንዴን ከደረቴ ጋር አሰረ፤
ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ የነበረው ሱኒቫ
ገመድ ጥላ፣ እያለቀሰች፣
ሁለታችንንም ወደ ዳር ጎተተች።

ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ
ለራሴ ቁስል ብዬ አልሠራውም።
የማስበው ክዳኔን የሚከፍተውን እጅ ነው፤
የቀዘቀዘ፣ የሚንቀጠቀጥ፣
ምናልባት የማላውቀው።
ስለዚህ ጨርቁ ከላይ።
መቀሱ አዲስ፣ በቀይ ገመድ የታሰረ፣
ከእጅ ቢያመልጥ ባሕር እንዳይገባ።
ቋጠሮው በአንድ እጅ የሚፈታ፣
ጽሑፉ ትልልቅ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ለሚፈልግ ሽማግሌ።

«ጨረስሽ?» አለኝ። ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር ተንኳኳ፤
ያ ብልቃጥ። ከቆሻሻው አውጥቶታል።
ዝም አልኩት።

ወደ ጀልባው ቤት ወርደን ከረጢቱን ከተትን።
ዓይኔን ጨፍኜ፣ በግራ እጄ ብቻ
የአይለርትን ክዳን ሦስቴ ከፈትኩ፤
እሱም የእኔን።
ከዚያ ካያኬ ውስጥ ገብቼ፣ ደረቁ መሬት ላይ፣
እጄን ወደ ኋላ ልኬ
የራሴን ሞከርኩ።

አልደረስኩም።